የሌንሱ ጥፋት

የካሜራ ሱቆቹ ያሉበት ሕንጻ ውስጥ ስገባ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ያለው ኮሪደር ግራና ቀኙ መስታወት ነው። ከየመስታወቱ ጀርባ ሌንሶች በየመጠናቸው ተደርድረው ያያሉ። ያያሉ ማለቴ እንደዚያ ስለተሰማኝ ነው። መሥሪያ ቤቴ ለሥልጠና ወደዚያ አገር ከላከኝ ዘጠኝ ቀኔ ነበር። በባዕድ አልጋ እንቅልፌ ተቆራርጦ፣ ሁሉ ነገር ከውኃ በታች ያለ ይመስለኝ ጀምሯል። የሰዎች ኮቴ የሚሰማኝ አጠገቤን ካለፉ በኋላ ነው።

ቦርሳዬ ውስጥ የአክስቴ ሌንስ በሱፍ ካልሲ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከጎኑ ሦስት ፎቶዎች የያዘ ፖስታ አለ።

አክስቴን እቴቴ ነው የምላት። እኔን ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ሁለታችንንም ያኖረን ደግሞ ፎቶ ቤቷ ነው። ጉርድ ፎቶ ፈላጊው፣ ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ ጥርስ ያላበቀለው ሕፃን፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በእጇ አልፏል። ያንን እጅ «ዓለት» ይሉት ነበር። የካሜራ ማቆሚያ በቤቷ ዝር ብሎ አያውቅም። «ሦስት እግር የሚፈልግ ሁለቱ ያልበቁት ነው» ትላለች። በርከክ ብላ፣ ተንጠራርታ፣ ሰውየውን እየዞረችና በነገር እየወጋች፣ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ነው የምታነሳው።

ዓመት ሊሞላው ነው፣ ፎቶዎቿ ብዥ ማለት ጀመሩ። ለመታወቂያ ያነሳቻቸው ሰዎች ፎቶውን አንድ በአንድ እየመለሱ መጡ። እሷ ሌንሱ ሻግቷል አለች። ለደንበኞቿም ለጎረቤትም ይህንኑ ነገረች። ልሄድ መሆኑን የሰማች ቀን ሌንሱን ፈትታ አስያዘችኝ፤ ካበላሸው ሥራ ውስጥም ሦስት ፎቶ መርጣ «ማስረጃ ነው» ብላ ሰጠችኝ። ተመሳሳዩን አዲስ ገዝቼ እንድመጣ፣ ሱቅ ስገባም እንድደውልላት አስማለችኝ። ሻንጣዬን ስዘጋ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሌንሱ ካልሆነ ፎቶ ቤቱን እዘጋዋለሁ» አለች።

እኔ ዚፑን እስከ ጫፉ ሳብኩት። በቤታችን የንግግሩ ድርሻ የእሷ ነው።

ከሱቆቹ ሁሉ ያገለገለ ዕቃ የሚጠግነውን መረጥኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። ማጉያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አንዲት ትንሽ ብሎን በመቆንጠጫ ይዘው ያናግሯታል። የተግባባነው እሳቸውም እኔም ትምህርት ቤት በተማርነው ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ ሁለታችንም ቀስ ብለን፣ ቃል እየመረጥን ነበር የምናወራው። የመጣሁበትን ነገርኳቸውና በስልኬ ለእቴቴ ደወልኩላት።

ፊቷ ስክሪኑ ላይ መጣ። ፎቶ ቤቷ ውስጥ ሰማያዊው መጋረጃ ፊት ተቀምጣለች፤ ለሽማግሌው ብላ ነጠላዋን አስተካክላለች። ምስሉ ይርገበገባል።

«ኔትወርኩ ነው» አለች፣ ገና ሰላም ሳትለኝ።

ሽማግሌው ሌንሱን ከካልሲው አውጥተው በባትሪ ብርሃን ከፊትም ከኋላም አዩት። ከዚያ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አውርደው ጎነበሱ። ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ዝናቡ መስኮቱ ላይ ሲወርድ በሌንሶቹ ሁሉ ውስጥ እየተገለበጠ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። እሱን እያየሁ የት እንዳለሁ ለጥቂት ጊዜ ጠፋኝ።

«ሌንሱ ንጹሕ ነው» አሉኝ ቀና ብለው። የሻገተ ሌንስ ፎቶውን ሁሉ ጭጋግ ያለብሰዋል እንጂ እንዲህ አይጎትተውም፤ ይህ የእጅ ጥፋት ነው አሉ።

«ምን አሉ?» አለች እቴቴ።

«ሌንሱ ደክሟል አሉ።»

«አላልኩሽም! ባለሙያን ባለሙያ ያውቀዋል።»

ሽማግሌው እኔ ምን ብዬ እንዳደረስኩላት አያውቁም። ደግ ሰው ስለሆኑ ግን በደንብ እንድትረዳላቸው ፈለጉ። አንዱን ፎቶ አንስተው ወደ ስልኩ አስጠጉ። የሰውየው የሸሚዝ ኮሌታ ጠርዝ ሁለት ሆኖ የወጣበትን በጣታቸው አሳዩአት። ቀጥሎ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በጣም በትንሹ፣ ነቅነቅ አደረጉት።

እቴቴ ወደ ስክሪኑ አጎነበሰች። መጋረጃው ከኋላዋ ይርገበገባል።

«አንቺ፣ በእሳቸው ቋንቋ ሌንስ ደከመ ሲባል እጅ እንዲህ ይደረጋል?»

 እሷ መልስ አልጠበቀችም። ነጠላዋን ደግማ አስተካከለችና፣ እንዲህ ላለ እጅ የሚሆን ነገር ካላቸው እንድጠይቅላት አዘዘችኝ። ማቆሚያ የሚባል ነገር ብቻ እንዳያሳዩዋት።

ሽማግሌው ከተቆለፈ መሳቢያ ወፈር ያለ ሌንስ አወጡ። ውስጡ አንዲት ተንሳፋፊ መስታወት አለች፤ እጅ ወደ ግራ ሲሄድ እሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች አሉ። የእቴቴን ዓይነት ካሜራ ከመደርደሪያ አውርደው ገጠሙልኝ። እቴቴ አላመነችም። ነጋዴ ሁሉ አንድ ነው፣ ሞክረሽ አሳዪኝ አለች። ስልኩን እኔን እንዲያሳያት ካርቶን ላይ አስደግፌ ካሜራውን አነሳሁ።

«እንደሱ አይደለም» አለች። «ያንቺ እጅ ጤነኛ ነው። እንደኔ ያዢው።»

እንደ እሷ ያዝኩት። መጀመሪያ አውራ ጣት፣ ከዚያ የቀኙ አንጓ፤ ፈጠን፣ አነስ ያለ። ትንፋሽ ሲገባ ረገብ ይላል፣ ሲወጣ ይመለሳል። አስቤበት አላውቅም፣ ተለማምጄውም አላውቅም። እጄ ግን ከእኔ ቀድሞ ያውቀው ነበር። ውኃ ስትቀዳ፣ መርፌ ክር ስታስገባ፣ ቁልፉን ቀዳዳው አካባቢ ስታንከራትት ዓይኔን የመለስኩበት ቀን ሁሉ እጄ ላይ መጣ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

በካሜራው ቀዳዳ ሳይ መደርደሪያው ሐይቅ ላይ እንዳለ ታንኳ ይወዛወዛል። የማንሻ ቁልፉን በግማሽ ጫን ስለው ሌንሱ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ንብ እዝዝ አለ፤ ሁሉም ነገር ቆመ። መደርደሪያው ቆመ፣ መስኮቱ ቆመ፣ ጠብታዎቹም እዚያው ተንጠልጥለው የቀሩ መሰለኝ። እጄ ግን አልቆመም። እየተንቀጠቀጥኩ የማይንቀሳቀስ ዓለም አያለሁ። ከዚያ መውጣት አላሰኘኝም።

«እጄ እስከዚህ ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ ከስልኩ ሰማሁ።

ካሜራውን አወረድኩ። «አዎ፣ እቴቴ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ካምና ክረምት።»

«እና ዝም አልሽኝ።»

«እንዳትዘጊው ፈርቼ።»

 ጉንጮቿን በመዳፏ ስታሽ አየኋት። «እኔ ደግሞ አንቺ እንዳታውቂ ስደክም ከረምኩ» አለች። «ጥሩ ቤተሰብ ነን። አንዷ ትደብቃለች፣ አንዷ እንዳላየች ትሆናለች።» ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች። «በይ፣ ግድግዳ አይተሽ ዕቃ አትገዢም። ሰው አንሺበት።»

ከሽማግሌው ሌላ ሰው አልነበረም። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ስበው ተቀመጡ፤ እቴቴም ሥራዋን ጀመረች። አገጫቸውን ዝቅ፣ የግራ ትከሻቸውን ወደ ኋላ እንዲያደርጉ አዘዘች። መነጽሩን ከግንባራቸው እንዲያወርዱትም፤ ሁለት ጥንድ ዓይን ላለው ሰው እጥፍ አስከፍላለሁ አለች። ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩላቸው። ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል «አሁን» አለች፤ በእሷ እጅ፣ በእሷ መንቀጥቀጥ አነሳሁ።

ፎቶውን አስፍቼ ወደ ስልኩ አስጠጋሁላት። ፊቷ ቀረበ፣ ስክሪኑን ሞላው፣ ደግሞ ራቀ።

«ሽፋሽፍታቸው ይቆጠራል» አለች በቀስታ። «ግዢው። ለእሳቸውም ንገሪልኝ፣ አልዘጋም በያቸው።»

አልኳቸው። ሽማግሌው ምኑ ሊዘጋ እንደነበር ስላላወቁ ግራ ገባቸው። ስለ ሱቃቸው የጠየቀቻቸው መስሏቸው ሰዓታቸውን አይተው፣ እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ነን አሉ። እሱንም እንዳለ ተረጎምኩላት።