እርቅ የወረደበት ሬስሊንግ

ፍቅርተ መቀመጥ አይሆንላትም። ንፋስ መውጫ ላይ ቪዲዮ ቤት በነበራት ጊዜም ፊልሙን የምታየው ቆማ ነው። ወጣቱ ሁሉ ስልክ ገዝቶ አግዳሚዎቿ ባዶ ሲቀሩ አንድ ነገር ልብ አለች፤ ሬስሊንግ ሲሆን ሰው ብቻውን ማየት አይወድም፣ አብሮት የሚጮህ ይፈልጋል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑን ሸጠችና «ጉና ሬስሊንግ»ን አቋቋመች። ጓሮዋ ውስጥ አራት የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተከለች፣ የጭነት ገመድ ወጠረች፣ መሬቱን ጭድ በተጠቀጠቀበት ጆንያ ሸፈነች።

መጀመሪያ ስድስት ተፋላሚ ነበራት። ተመልካቹ መጣጣሉ ሲሰለቸው ወንበር ጨመረች፤ ወንበሩ ሲለመድ ቆርቆሮ፤ ቆርቆሮው ሲለመድ የተቃጠለ የሸምበቆ መብራት፣ ያን ረጅሙን የመስታወት አምፖል፣ ከየሱቁ እየለመነች ጀርባቸው ላይ ታሰብር ጀመር። አራቱ የሰሊጥ አጨዳ ይሻለናል ብለው መተማ ወረዱ። ብዙም አልተሳሳቱም። የቀሩት የሚወደደው ላቀውና የሚሰደበው ዘመኑ ናቸው። አንድ ክፍል ተከራይተው ባንድ ትሪ ይበላሉ፤ ይህ እንዳይታወቅ ገበያ መሀል ሲተያዩ ምራቃቸውን ይተፋሉ።

ዛሬ ሸሪፍ መጥቷል፤ መካነ ኢየሱስ ላይ አዳራሽ ያለው ነጋዴ ነው። «ልያችሁ፤ ካማረኝ ቅዳሜ እኔ ጋ ታሳያላችሁ፣ ካላማረኝ ግን ሌላ ቀን የለም» ብሏል። ፍቅርተ ከማለዳው ጀምሮ ስትንቆራጠጥ ዋለች። የፊተኛው አግዳሚ ባዶ ሆኖ እንግዳው እንዳያየው፣ ከስማዳ የመጡትን የላቀውን እናት ወይዘሮ ተሾመችን፣ ከጎናቸውም መምሬ ካሣሁንን በነፃ አስቀመጠች። የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው።

ግጥሚያው ተጀምሮ የሸምበቆው መብራት ላቀው ጀርባ ላይ ሲፈነዳ፣ ላቀው እንደ ልማዱ ተመልካቹ ደም እንዲያይ ጣቱ ላይ በፕላስተር በደበቀው ምላጭ ግንባሩን ጫር አደረገ። ደሙ ዓይኑ ድረስ ወረደ። ዘመኑ ቆርቆሮውን አነሣ።

«በሕግ አምላክ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ተሾመች።

ዘመኑ ቆርቆሮውን እንዳነሣ ቀጥ አለ። ሬስሊንግ ቢማርም ያደገው እዚሁ ነው፤ በሕግ አምላክ ተብሎ አልፎ አይመታም።

መምሬ ካሣሁን ገመዱን ዝቅ አድርገው ገቡ። «ልጆቼ፣ ምን አጣላችሁ?»

ሁለቱ ተያዩ። እስከ ዛሬ የጸባቸውን ምክንያት የነገራቸው አልነበረም።

«ተናገሩ እንጂ!» አለ አንዱ አጥር ላይ ሆኖ። «መሬት ነው? ሴት ናት?»

ላቀው ምሰሶው ሥር ወደቆመችው ፍቅርተ አጎነበሰ። «እትዬ፣ ተስማምተን ነው እንበላቸው?»

«አፍህን ዝጋ! እንዲያ ካልን ማን ከፍሎ ይገባል?»

«ካላልን ደግሞ ያስታርቁናል።»

እውነቱን ነው። መስቀል ስመው ከታረቁ በኋላ ቢማቱ ድፍን ጋይንት ያወግዛቸዋል። ጉና ሬስሊንግ ያለው ሁለት ሰው ነው፤ ሁለቱ ከታረቁ የሚቀረው ጭዱ ነው።

እሷ ስታወላውል መምሬ መስቀሉን ለሁለቱም አሳለሙ፤ አንዱ ባንዱ ላይ እጁን እንዳያነሣም ገዘቱ። ወይዘሮ ተሾመች የዘመኑን ጉንጭ ሳሙ። ሕዝቡ አጨበጨበና መበተን ጀመረ። ሸሪፍም ተነሣ።

«ደግ ነገር አየሁ፣ ፍቅርተ። ለእርቅ ግን አዳራሽ ምን ያደርጋል? የዛፍ ጥላ ይበቃል።»

ፍቅርተ በገመዱ ሾልካ ገባች። ቆርቆሮውን ከዘመኑ እጅ ነጠቀች።

«እትዬ፣ ይሄ አልነበረም እኮ...»

«ከኔ ጋር አልታረቅህም!» አለችና ጀርባውን አገኘችው።

ሊወጣ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። ዘመኑ ተገልብጦ ወደቀ፤ የእውነቱን ይሁን የሙያውን ለራሱም አልገባውም።

«ደግ አደረግሽ!» አሉ ወይዘሮ ተሾመች፣ የሳሙትን ጉንጭ ረስተው። «ድገሚው!»

ሸሪፍ በሩ ላይ ቆመ፤ ቀስ ብሎም ተመልሶ ተቀመጠ። መምሬ ካሣሁን ግን መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር እንደገና መፈለግ ጀምረዋል። ፍቅርተ መስቀሉ ሳይወጣ ሁለተኛውን ምት ለማሳረፍ ቸኮለች።