ኑግ የገባበት ናና

ሳጂዳ ከብልቃጡ አንዲት ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣል አደረገችና ወረቀቱን ወደ ባንኮኒው ጥግ ገፋችው።

"ንጹሕ ከሆነ ተንኖ ይጠፋል። የተቀላቀለበት ነገር ካለ ቅባቱ ይቀራል" አለች።

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ከደብረ ኤልያስ ያመጧቸውን አሥራ ሁለት ብልቃጦች ደርድረው ቆመዋል። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተደራጅተው ናና ያለማሉ፤ ቅጠሉን በእንፋሎት እያፈሉ ዘይቱን ያወጣሉ። ሳጂዳ ይጁቤ ከተማ ላይ መድኃኒት ቤት ከከፈተች ስድስት ዓመቷ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስኳር የሚያጠፋ ማር ነው፣ ደም ግፊት የሚያወርድ ዱቄት ነው እያለ ያልመጣባት ሰው የለም። ሁሉንም መልሳለች። ዛሬ ግን ብልቃጡ ላይ የተለጠፈው የራሷ በሽታ ስም ነው። ለማንም ነግራ አታውቅም። ሲነሣበት ዓይኑ የሚጋረድበትን መድኃኒት ሻጭ ማን ያምናል?

"ይህን ማን ጻፈው?"

"ልጄ አንተነህ ነው። ደብረ ማርቆስ አሳትሞ ላከልን። ምነው?"

"'ማይግሬንን ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋል' ይላል።"

ሴትዮዋ ብልቃጡን አንሥተው ማንበብ እንደሚችል ሰው አገላበጡት። ፊታቸው ተለወጠ።

"እኔስ እንዲያ አላልሁም። ራሴን ሲይዘኝ እቀባዋለሁ። አንዳንዴ ቀለል ይለኛል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይሰማኝ። ከሥሩ ቢነቅለውማ ያለፈው ሳምንት መች ተኝቼ እውል ነበር?"

"ይህ ጽሑፍ እስካለበት ድረስ እዚህ አይሸጥም።"

"አይሸጥ። እኔም አላስሸጠው።"

ሳጂዳ ይህን አልጠበቀችም። ጥርጣሬዋ ግን አልለቀቃትም፤ የዋህ መስሎ መናገርም አንድ የመሸጫ ዘዴ ነው። ወረቀቱን አነሣችና ወደ ብርሃን ያዘችው። የሚያብለጨልጭ ክብ ቀርቶበታል።

"ሌላ ዘይት ጨምረውበታል!"

"አዎ፣ ኑግ ነው። ናናው ብቻውን ቆዳ ያቃጥላል፤ ያሠለጠነችን ልጅ ናት ቀላቅሉ ያለችን። ብትጠይቂኝ እነግርሽ ነበር። ምን አስደበቀኝ?"

ሳጂዳ ልትመልስ አፏን ስትከፍት የሴትዮዋ ግራ ጉንጭ ጠፋባት። በቦታው እንደ ተሰባበረ መስተዋት የሚንቀጠቀጥ ብርሃን መጣ። ባንኮኒውን ጨበጠች።

"አንቺም አለብሽ እንዴ ልጄ?"

"የለም። እንቅልፍ አጥቼ ነው።"

ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል አልተከራከሯትም። የተከፈተውን ብልቃጥ ብቻ ወደ እሷ አስጠጉ። ሳጂዳ አሸተተችው፤ ከዚያም በጣቷ ጫፍ ነክታ፣ ከዓይኗ አርቃ፣ ጆሮ ግንዷ ላይ ቀባችው። ቀዘቀዛት። ከቅንድቧ በላይ የጀመራት ውጋት ግን ቀጠለ።

"ምንም ለውጥ የለውም" አለች።

"ገና አሁን እኮ ነው የቀባሽው።"

"በኋላም ምንም ላይኖረው ይችላል።"

"ላይኖረው ይችላል" አሉ ሴትዮዋ።

አንድ ገበሬ ማዘዣ ይዞ ገባ። ላብ አጥምቆታል።

"ለልጄ ነው፤ ገና ሦስት ወሯ ነው። ትኩሳቱ አልለቅ ብሏታል።"

ሳጂዳ ወረቀቱን ተቀበለች። የመድኃኒቱ ስም ይታያታል፤ መጠኑ ግን ብርሃኑ ውስጥ ሰጥሟል። ሌላ ጊዜ እንዲህ ሲሆንባት ወረቀቱን አዘንብላ፣ የታያትን አንብባ፣ ያልታያትን ገምታ ትሰጥ ነበር። ባለፈው ጥር እንዲያ አድርጋ ለአንድ ልጅ ሽሮፕ ከሰጠች በኋላ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም፤ የልጁ እናት ልጇን አዝላ በሰላም ስታልፍ አይታ ነው ልቧ የተመለሰው። ዛሬም ወረቀቱን አዘነበለችው። ሴትዮዋ ያዩዋታል። ይህ ሰው ከዚህ ሲወጣ ለማን ለማን እንደሚያወራ አሰበች፤ ገበያው ሙሉ ነው።

"ወንድሜ፣ ይቅርታ" አለች። "ማይግሬን አለብኝ። አሁን ተነሥቶብኝ ቁጥሩ አይታየኝም። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሌላ መድኃኒት ቤት አለ፤ ሳይዘገይ እዚያ ያንብቡልህ።"

ማዘዣውንም በሁለት እጇ መለሰችለት።