ግንቡን የጋረደው ዋርካ

ሊድያ ያን ቅዳሜ ዘጌ፣ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላ ያለቀሰችው በዛፍ ምክንያት ነው። ይህን ብትናገር ማን ያምናታል? ባሕር ዳር ኮሌጅ ሥዕል የምታስተምር፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት በዛፍ ታለቅሳለች?

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማው ዐውደ ርዕይ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሥዕሏን መልሰውባታል። “ሕንፃ አለው፣ ሕይወት የለውም” ነው ያሏት። ዘንድሮ ካልተቀበሏት ብሩሽ ላትነካ ምላለች። ማስረከቢያው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ዘጌ ያለውን የመሪጌታ ገብረ ሕይወትን አሮጌ ግንብ መረጠች። ግንቡ ከቡና ማሳቸው ውስጥ ነው፤ እኩሌታው ፈርሷል፣ ማን እንደሠራው እሳቸውም በቅጡ አያውቁም። አናቱ ላይ ዋርካ በቅሎ ሥሩን እስከ መሬት ለቆበታል።

የውሃ ቀለም ደግሞ ምሕረት አያውቅም፤ አንዴ ካመለጠ አመለጠ ነው። የቅጠሉ አረንጓዴ ሳይደርቅ ወደ ድንጋዩ ፈሰሰባት። ብትጠርገው፣ ብታደርቀው፣ ወይ ፍንክች! ደሟ ፈላ። አጠገቧ የቆሙት መሪጌታ ምን እንደሆነች ቢጠይቋት፣ “ይሄ ዛፍ ነዋ! ግንቡን ጋረደብኝ” አለቻቸው። ሽማግሌ ፊት መቅደዱን አፍራ ወረቀቱን ቦርሳዋ ሥር ወሸቀችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል?

በሳምንቱ ከጀልባ ስትወርድ ዓይኗን ማመን አቃታት። መሪጌታ ጠላ አስጠምቀው፣ ደቦ ጠርተው፣ ዋርካውን ከነሥሩ መንግለው ጥለውታል። ድንጋዩንም ፍቀው አጥበውታል። እሳቸው የታጠበ ጋቢ ለብሰው ትከሻቸውን እያሹ ይጠብቋታል።

“እንግዳ ደጃችን መጥታ የጋረዳትን ካላነሣንላት ምኑን ሰው ሆንነው?” አሏት።

እግዜር ይስጥልኝ ብላ ተቀመጠች። ግንቡ የተላጨ ራስ መስሏል። ሦስት ወረቀት አበላሸች። በንዴት ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረችና ያን የማይታመን ለቅሶዋን አለቀሰች። መሪጌታ የደስታ መሰላቸው።

ሐሙስ ዕለት ከባድ ዝናብ ዘነበ። ቅዳሜ፣ ማስረከቢያው ሰኞ ነውና፣ ንዴቷን እንደያዘች ለመጨረሻ ጊዜ ተሻገረች። ዛሬስ ፊት ለፊት እነግራቸዋለሁ እያለች ነበር። ስትደርስ ግን የምትሥለው ግንብ የለም። መሪጌታ ከድንጋዩ ክምር ላይ ተቀምጠዋል።

“ሥሩ ነው ለካ ይዞት የኖረው” አሉ ቀና ሳይሉ። “ከአባቴ የተረከብሁትን በገዛ እጀ አፈረስሁት።”

የያዘችው ንዴት ሁሉ ወደ ራሷ ዞረ።

“የእርስዎ እጅ አይደለም መሪጌታ፤ የኔ አፍ ነው” አለቻቸው።

ያችን የተጨማደደች ወረቀት ከቦርሳዋ ሥር አውጥታ ሰጠቻቸው። መሪጌታ ወረቀቷን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብዙ አዩ። አረንጓዴው ወደ ድንጋዩ የፈሰሰበትን፣ ያንኑ እሷን ያሳበዳትን ቦታ፣ በጣታቸው ዳሰሱት።

“እንዲህ ነበር” አሉ። “ድንጋዩ የት እንዳለቀ፣ ዛፉ የት እንደጀመረ አይለይም ነበር።”

ሊድያም ጎንበስ ብላ አየችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ የተበላሸ ስትለው የከረመችው ሥዕል፣ ከሥራዎቿ ሁሉ ሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው። ሰኞ ይዛው ብትቀርብ እንደማይመልሷት አሁን ገባት። እንዴት ያበሽቃል! ከልጅነቷ ጀምሮ የለፋችበት ነገር ሳታስበው ከእጇ አምልጦ ወረቀት ላይ ወርዶ ኖሯል፣ ያውም ልትቀደው በነበረው።

መሪጌታ ወረቀቱን ሊመልሱላት እጃቸውን ዘረጉ። እሷም እጃቸውን ይዛ መለሰችው፤ እርስዎ ጋ ይቀመጥ አለቻቸው። ከዳዊታቸው ጋር በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ያዙትና እስከ ጀልባው ሸኟት።

ስለ ሰኞ ግን ትንፍሽ አላለችም። ከአፏ ከወጣ ምን እንደሚያደርጉ አይታለች።