ጥቅል የተሸከመችው ሴት

የአገሪቱ የመጀመሪያ የፊልም ሽልማት ገና ስም እንኳ አልወጣለትም፤ መካሪው ግን እንደ አሸን ፈላ። ኮሚቴው ለተሸላሚ የሚሰጠውን ሐውልት የሸክላ ናሙና፣ የፊልም ጥቅል የተሸከመች ሴት፣ እያገላበጠ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲከራከር፣ ቀራፂው ጥፍሩ ውስጥ የቀረውን ጭቃ ይፈለፍል ነበር።

«ክንፍ ጨምርባት፤ ስሙንም ‹ንስር› እንበለው» አሉ ሰብሳቢው። «ይችን የተዘቀዘቀች ትከሻዋንም አቅናልን። ለአገር ጠማማ ነገር አይሸለምም።»

ያቺ ትከሻ የራሱ የቀራፂው እናት ትከሻ ናት። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዳይሉት ፈርቶ ለማንም ትንፍሽ አላለም ነበር። ትከሻዋ ቀንቶ ክንፍ ከበቀለባት ግን እናቱ ከሐውልቱ ላይ ትጠፋበታለች።

«አይቀናም» አለ።

«ለምን ሲባል?»

«እናቴ ናት።»

ከዚያ ወዲያ መደበቅ ምን ያደርጋል? ዘረገፈው። ከአንድ ፊልም አንድ ቅጂ ብቻ በሚመጣበት ዘመን ሁለት ሲኒማ ቤቶች ይካፈሉት ነበር። አንደኛው ቤት ከፊልሙ ጥቅሎች አንዱን አሳይቶ ሲጨርስ እናቱ ቀኝ ትከሻዋ ላይ ጭና ወደ ሌላኛው ትሮጣለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ስትመላለስ ትከሻዋ በዚያው ተዘቅዝቆ ቀረ። አንድ ቀንማ ተጣድፋ አምስተኛውን ጥቅል ከአራተኛው አስቀድማ አድርሳ፣ የተቀበረው ሰውዬ ተነሥቶ ሚስት ሲያገባ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እዚያ አዳራሽ እኮ ነው ያደግኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ጥቅሉ ሲዘገይ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። በሩ ሲጢጥ ሲል ሁላችንም ‹መጣች!› ብለን እንጮሃለን። ፊልሞቹን ረስቻቸዋለሁ፤ ያንን ጩኸት ግን አልረሳሁም።»

ክንፉ በዚያው ቀረ። የሽልማቱም ስም «መጣች» ተባለ።

በሽልማቱ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቱን ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። ዓይኗ ማየት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ መድረኩ ላይ የሚሆነውን ሁሉ ጆሮዋ ሥር ሆኖ ይነግራታል። ስሙን ግን ሊያስደንቃት ብሎ ደብቋታል።

ሰብሳቢው የነሐሷን ሐውልት ከፍ አድርገው ያዙና «ስሟን አብረን እንጥራ» አሉ።

«መጣች!» አለ አዳራሹ ባንድ ድምፅ።

እናቱ ደንግጣ ብድግ አለች። የልጇን ክንድ ጨብጣ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አዞረች።

«ይቅርታ ልጆቼ» አለች፣ «ዘገየሁባችሁ።»