ከሥዕሉ ዳር የቀሩ አራት ጣቶች

ከሰው ልጅ ጠባያት መካከል በአደባባይ ምስጉን መስሎ የሚኖር፣ ግብሩ ግን ቤትን እንደ ብል ከውስጥ የሚበላ አንድ ጠባይ አለ፤ እርሱም ይሉኝታ ነው። ስስታምን ጎረቤት ይወቅሰዋል፣ ሌባን ዳኛ ይቀጣዋል፤ ይሉኝተኛን ግን አገር ያመሰግነዋል፤ እርሱም ምስጋናውን እየሰማ ይደኸያል። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የምጽፍልህ ሰውን መንቀፍ ደስ ብሎኝ አይደለም፤ የደብረ ታቦሩን ፎቶግራፍ አንሺ የአቶ አስረስን ነገር ባሰብሁ ቁጥር ልቤ ስለሚያዝን፣ ኀዘኑንም ብቻዬን መሸከም ስለ ከበደኝ ነው።

አቶ አስረስ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ከአንድ አርመናዊ ሊቀ ጥበብ ዘንድ የፎቶግራፍን ሙያ ተምሮ፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያውን በአጋሰስ አስጭኖ ወደ አገሩ ተመለሰና በግቢው ውስጥ ፎቶ ቤት ከፈተ። እጁ የተባረከ፣ ዓይኑ የተመረጠ ሰው ነበር። በዚያ ዘመን በከተማው የኤሌክትሪክ መብራት ስላልነበረ የሚያነሣው በፀሐይ ብርሃን ነው፤ ባለቤቱም ወይዘሮ የሻረግ ነጭ ነጠላዋን በሁለት እጇ ወጥራ ከተነሺው ጎን ትቆምና፣ ብርሃኑን ጥላ ወዳጠላበት የፊቱ ገጽ ትመልስለት ነበር። ከዚህም የተነሣ በየሥዕሉ ዳር የነጠላው ጠርዝና አራት ጣቶቿ ይገባሉ፤ አቶ አስረስም ሥዕሉን ለተነሺው ከመስጠቱ አስቀድሞ ያንን ዳር በመቀስ ይቆርጠዋል። እርሱ ከመጣ ወዲህ በከተማው አዲስ ልማድ ገባ፤ ሰው በሞተ ጊዜ አልቃሽ የሟቹን ፎቶግራፍ ከፍ አድርጋ ሳትይዝ ለቅሶው ለቅሶ አልመስል አለ።

ጥፋቱም እንዲህ ጀመረ። ተነሺው “ዋጋው ስንት ነው?” ብሎ ሲጠይቀው፣ “ኧረ ተዉት፤ ከእናንተ ምን እቀበላለሁ?” ይል ነበር። በአገራችን ወግ ይህ ቃል እንደ ቃሉ የሚወሰድ እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል፤ ተቀባዩ ይግደረደራል፣ ሰጪው “በሞቴ” ብሎ ከኪሱ ይከትትለታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲሁ አደረጉ። እየዋለ እያደረ ግን ሁለተኛው “በሞቴ” ቀረ፤ ከዚያም የመጀመሪያው ቀረ፤ በመጨረሻም ጥያቄው ራሱ ቀረና፣ ሰዉ ሥዕሉን በብብቱ ይዞ “እግዜር ይስጥልን” እያለ የሚወጣ ሆነ። ሲግደረደሩ ጦም ማደር ማለት ይህ ነው። ፊልሙ የሚገዛው ወይዘሮ የሻረግ ፈትላ በምትሸጠው ድርና ማግ ነበር። አንድ ቀን እንዝርቷን አስቀምጣ፣ “ጌታዬ፣ ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዋጋ እንዳለው ስላልነገሩት ነው። መሣሪያውን ከመደገንዎ በፊት ይንገሩት” አለችው። እርሱም፣ “የሻረግ፣ በሙሽራ ፊት፣ በሐዘንተኛ ፊት ብር እንዴት ይጠራል? ምን ይሉኛል?” ሲል መለሰላት።

ለራሷ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰርግ ካባዋን ለብሳ ፎቶግራፍ መነሣት። ከየጥቅሉ ፊልም የመጨረሻዋ የእርሷ ናት እየተባለ ሰባት ዓመት አለፈ። በዳግማይ ትንሣኤ ቀን ግን አንዲት ፊልም እንደ ምንም ተረፈች፤ ወይዘሮ የሻረግም ሹሩባዋን ተሠርታ፣ ካባዋን ደርባ ከወንበሩ ተቀመጠች፤ ነጠላውን የሚይዝላት ስላልነበረ አቶ አስረስ ከአጥሩ ላይ ይወጥረው ጀመር። በዚህ መካከል ባለጸጋው ቀኛዝማች ውብነህ አዲስ የገዟትን በቅሎ በወርቀ ዘቦ አስጊጠው እየሳቡ ገቡ። “አስረስ፣ እስቲ ይህችን በቅሎዬን አንሣልኝ፤ ላንተ ምን አላት!” አሉ። ፎቶግራፍ አንሺው ሚስቱን አየ። ወይዘሮ የሻረግ ከወንበሩ ተነሣች፤ ነጠላውን ከአጥሩ አወረደች፤ “ግድ የለም፣ እኔ የትም አልሄድም” ብላ ከበቅሎዋ ጎን ወጥራ ቆመች።

ክረምቱ ገባ፤ ፊልም መግዣም አልተገኘም። በመስከረም የፎገራ ወባ ወደ ቤቱ ገባችና ወይዘሮ የሻረግን በዘጠኝ ቀን ወሰደቻት። ከተማው ሁሉ ነቅሎ ለቅሶ ወጣ፤ አልቃሿም እንደ ልማዱ ፎቶግራፏን ለመቀበል እጇን ዘረጋች። አቶ አስረስ ወደ ጓዳ ገብቶ ብዙ ቆየ። ሲወጣ ከየሥዕሉ ለራሱ ያስቀረውን፣ መቀስ ያልነካውን ቅጂ በእቅፉ ሙሉ ይዞ ነበር፤ አንድ በአንድም ከመሬት ደረደረው፤ ሙሽሮች፣ ቀሳውስት፣ ሽማግሎች፣ በመጨረሻም በቅሎዋ። በሁሉም ዳር የነጠላ ጠርዝና አራት ጣቶች ይታያሉ። “እኔ ዘንድ ያለችው ይህችው ናት” አለ። ለቀስተኛው ጎንበስ ብሎ የየራሱን መልክ ከሥር አየ፤ ቀኛዝማችም ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

አርባዋ ከወጣ በኋላ እኒያው ቀኛዝማች ካባ የለበሱ ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። አቶ አስረስ መሣሪያውን ሳይነካ፣ ሲሰርቅ እንደ ተያዘ ሰው እያፈረ፣ “ዋጋው አምስት ብር ነው፤ የሚከፈለውም አስቀድሞ ነው” አላቸው። ቀኛዝማች አልተከራከሩም፤ ወዲያው ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡትና በመገረም፣ “ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግረን? ደስ ብሎህ የምትሰጠን መስሎን ነበር እንጂ ማን ይከለክልህ ነበር?” አሉት። ፎቶግራፍ አንሺው ብሩን ተቀበለ፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት ድካም ይልቅ ይህ ቀላል መልስ ልቡን ሰበረው። በዚያው ብር ፊልም አስገዝቶ፣ የወይዘሮ የሻረግን ነጠላ ከአጥሩ ላይ ወጥሮ አነሣቸው። ሥዕሉ በታጠበ ጊዜ እንደ ልማዱ መቀሱን አነሣ፤ በዳሩ ግን የሚቆረጥ ነገር አልነበረም። ዋጋውን መጥራት የሚያፍር ሰው ዋጋው አይቀርለትም፤ ከባዕድ ያልተቀበለውን ከሚወደው ሰው ላይ ይወስዳልና።