የስኳሩ ዘበኛ

«አንቺ ባትጠብቂው ኖሮ አሥራ አንድ ዓመትም ባልቆየ!» አሉ ጎረቤቷ አዛውንት፣ እጇን ጨብጠው እየነቀነቁ።

ልብስ ሰፊዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ለቀስተኛው ሁሉ የሚያወራው ስለ እሷ ጥንቃቄ ነው። ምስጋናው ከስድብ ብሶ ያንገበግባታል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ሟቹ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ ሰፈሩ «ተዋናዩ» ይለዋል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የስኳር በሽታ ከያዘው ወዲህ ለጣፋጭ ሲል ያልተወነው የለም። አንዴ አዞረኝ ብሎ ወንበር ላይ ተዘረረ፤ ደንግጣ ስኳር የበዛበት ሻይ ስታጠጣው አንድ ዓይኑን ከፍቶ ጠቀሳት። ከዚያ ወዲህ ስኳሩን ቆልፋ ቁልፉን ከመቀሷ ጋር አሰረችው።

ታላቅ እህቱ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። በሽታው የታወቀ ሰሞን ቆሽትን ደብተር ላይ ስላ አስረድታት ነበር።

«ውስጡ እዚህም እዚያም የተሰባሰቡ ሴሎች አሉ። አንዱ ዓይነት ኢንሱሊን እያመነጨ የደም ስኳርን ያወርዳል፤ ሌላው ግሉካጎን እያመነጨ ከፍ ያደርጋል። የእሱ አውራጆቹ ሞተዋል፤ በእነሱ ፈንታ መርፌ ይወጋል። መርፌው ግን በቃ ማለት አያውቅም። አልቦት ከተንቀጠቀጠ ቶሎ ስኳር ስጪው፣ እሺ?»

እሺ ብላ ነበር። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ልቧ የያዘው ግን ስኳር ጠላት መሆኑን ብቻ ነው።

የሞተ ዕለት መርፌውን ተወግቶ ምሳ ሳይቀምስ ደንበኛ አስጠራው። ሲመለስ ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል።

«ስኳር... አንድ ማንኪያ» አላት።

«ዛሬስ አሳምረኸዋል!» ብላ ሳቀችና ወደ ስፌት መኪናዋ ዞረች። እሱ አግዳሚው ላይ ጋደም አለ። የያዘችውን ሱሪ ጨርሳ ብትቀሰቅሰው አልነቃም። ሐኪም ቤትም በሕይወት አልደረሰ።

አሁን እህትየዋ አጠገቧ ተቀምጣ ትከሻዋን አቅፋታለች።

«እትዬ» አለቻት በሹክሹክታ። «ስኳር ስጪኝ ብሎ ለምኖኝ ነበር። እየተወነ መስሎኝ... ሳቅሁበት። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

እህትየዋ እጇን ከትከሻዋ ላይ አነሳች። ተነስታ ወጣች። በመስኮቱ በኩል የግቢውን ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ ትታያለች። ልብስ ሰፊዋ ከእንግዲህ ዓይኔን አታይም ብላ ቆረጠች።

እህትየዋ ግን ተመለሰች። እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች፣ በመሃላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትታ። አንዲት ለቀስተኛ ገብታ ክፍቱ ቦታ ላይ ልትቀመጥ ስትል፣ እህትየዋ እጇን ቦታው ላይ አሳረፈች።

«ሰው አለበት» አለች።

ልብስ ሰፊዋም ቀስ ብላ የራሷን እጅ ከእህትየዋ እጅ አጠገብ አኖረች።