በቀኝ ሁለት ጣት

ሰፊዋ የአራት መኪና ወንበርና ጣሪያ አልብሳ ስታስረክብ እጇን ያየላት አልነበረም። አምስተኛው ጣሪያ ሲጣመም ግን ጋራዡ ውስጥ ያለው ሁሉ የሚያየው እጇን ሆነ፤ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ብሎ። አይንቀጠቀጥም። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ክር መርፌ ውስጥ የምትከተው ያለ መነጽር ነው፤ ይህንንም ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች።

ሰዎቹ ሰባት ናቸው። በመኪና ሥራ የኖረው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ ተጋጭቶ የተጨማደደ ላሜራ ሲያቀና ያረጀ ሽማግሌ። ስሙን ትተው መዶሻ ይሉታል። ከቀሩት አንዱ አስተማሪ፣ አንዱ መድኃኒት ቤት ያለው፣ አንዱ መንገድ የሚቀይስ ኢንጂነር፣ ብቻ ሁሉም በእረፍት ቀን ሚስቶቻቸው የሚያጧቸው ወንዶች ናቸው። መሠራቱ ከቆመ ሃምሳ ዓመት ያለፈው አንድ የውድድር መኪና አለ፤ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ሆዱ መሬት ሊነካ ምንም የማይቀረው፣ ዝናብ ሲመጣ የሸራ ጣሪያ የሚደፋለት። የዚያን አምሳያ በእጃቸው ይሠራሉ። ዋናውን እንግዛ ቢሉ የሰባቱም ዕድሜ ተደምሮ አይበቃም።

ስለዚህ ይለቃቅማሉ። ሞተሩ ከተገለበጠ ታክሲ ይመጣል፣ ማርሹ ከሌላ፣ በሩን የሚይዘው ማጠፊያ ከአሮጌ ማቀዝቀዣ። ግድግዳው ላይ የጋራ መደርደሪያ አለ፤ የተረፈው ያስቀምጣል፣ የጎደለው ያነሳል፣ ለምን አነሳህ የሚል የለም። ሁለት መብራት ያገኘ አንዱን ይሰጣል። ከሁሉም በላይ የጋራቸው ሻጋታው ነው፤ እንደ ተገለበጠ ጀልባ ጥግ ይዞ የተኛ ትልቅ ነገር፣ የመኪናውን ገላ ከፋይበር የሚያወጡበት። አምስቱም መኪኖች የተወለዱት ከእሱ ሆድ ነው።

ሰፊዋን ያመጣት መድኃኒት ቤት ያለው የእህቷ ልጅ ነው። መስኮቱ ሥር ከስፌት መኪናዋ ጋር አስቀመጧት፤ ወንበርም ጣሪያም የምታለብሰው እሷ ሆነች። ፊደል አልቆጠረችም፣ የሜትር ቁጥር አታነብም። ያላት ሰም የተቀባ ሲባጎ ነው። መኪናው ላይ ትዘረጋዋለች፣ ልኩ ሲደርስ ትቋጥረዋለች፣ ሥራው ሲያልቅ ከራሷ በላይ ካለው ምስማር ላይ ትሰቅለዋለች። ላለቁት አራት መኪኖች አራት ሲባጎ ተሰቅሏል። ምን እንደሆነ የጠየቃት የለም፤ የአሮጊት ጓዝ ነው ብለው አልፈውታል።

አምስተኛው መኪና የዚሁ የእህቷ ልጅ ንብረት ነው። ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል። ቅዳሜ አምስቱም ተሰልፈው ከከተማ ሊወጡ ቀን ተቆርጧል፤ እሱ ደግሞ ከሁሉ ፊት እንዲነዳ ዕጣው ወጥቶለታል። ስለዚህ ተቻኮሉ። ለወትሮው ሰፊዋ ሸራውን መኪናው ላይ አልብሳ፣ በጠመኔ እየነካካች፣ አንድ ቀን ሙሉ ነበር የምትለካው። አሁን ኢንጂነሩ የጣሪያውን የግራ ጎን ልክ የሳለበት ወረቀት ይዞ መጣ። መኪኖቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፣ በየጊዜው መለካት ጊዜ ማባከን ነው አላት። ሸራው ለሁለት ይታጠፍ፣ ወረቀቱ ይቀመጥበት፣ ሁለቱም ጎን በአንድ መቀስ ይቆረጥ። እሷ ፊቷን አጠቆረች፤ ግን መኪናው የእህቷ ልጅ ንብረት ነውና እንዳሏት ቆረጠች።

ጣሪያው ሲደፋ ግራው እንደ ከበሮ ተወጠረ። ቀኙ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ሸራ ተርፎ እንደ አሮጌ ጉንጭ ተንጠለጠለ።

ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እማማ እያለ፣ ዕድሜ የማይጥለው እንደሌለ፣ የእሱም እናት ዓይኗ እንደደከመ ነገራት። ወረቀቱ ግን ሦስት ጊዜ የተጣራ ነው አለ። አስተማሪው የጎሪጥ አያት። መዶሻ ጀርባውን ሰጥቶ አንድ የጸዳ ብሎን መልሶ ያጸዳል። የእህቷ ልጅ አጠገቧ መጥቶ ቁጢጥ አለ።

«አክስቴ፣ አንድ ወጣት በኤሌክትሪክ የስፌት መኪና ይሰፋል አሉኝ። ደውዬለታለሁ፤ ነገ ይመጣል። አንቺ ደክሞሻል፣ አሁንስ ብትተዪው?»

በልጅነቱ ሱሪውን የጠቀመችለት እሷ ናት፤ የመድኃኒት ቤቱን ነጭ ካፖርት የሰፋችለትም እሷ። ነገ ያ ወጣት ሲመጣ መስኮቱ ሥር ያለው ቦታ የእሱ እንደሚሆን ገባት። ቦታውንስ ይውሰደው። እጇ ጠመመ ተብሎ መሄድ ግን አንጀቷ እሺ አላለም።

ተነስታ ጣሪያውን ከመኪናው ገፈፈችው። ጠረጴዛው ላይ ለሁለት አጠፈችና ዳርና ዳሩን አጋጠመች። ቀኙ ከግራው ጠርዝ ለጠርዝ ገጠመ፤ በመካከላቸው ፀጉር አይገባም።

«ኑና እዩ» አለች። «መቀሴ የት ጋ ነው የጠመመው?»

አዩ። ኢንጂነሩ በሜትሩ ለካ፤ ሁለቱ ጎን እኩል ነው። ቀጥላ ከምስማሩ አራቱን ሲባጎዎች አወረደች። እያንዳንዱ ላይ ሁለት ቋጠሮ ነበር። አንዱ ከፊት መስታወቱ መሐል እስከ ግራው የኋላ ጥግ፣ ሌላው ከዚያው መሐል እስከ ቀኙ። ጎን ለጎን ስትዘረጋቸው አራቱም ላይ የቀኙ ቋጠሮ ከግራው ሁለት ጣት አጠረ። አምስተኛ ሲባጎ አወጣችና አንዱን ጫፍ ለመዶሻ አስያዘችው፤ አዲሱን መኪና በሁሉም ፊት ለካችው። ያው ሁለት ጣት።

ኢንጂነሩ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው እየሄደ በራሱ ሜትር ለካ። ሲመለስ ጆሮው ቀልቷል። ገላው ነው የጠመመው፣ ሻጋታው ነው አለ፤ ለራሱ እንደሚናገር። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ታዲያ አራቱ ጣሪያዎች እንዴት ልክ ገቡ?»

«እኔ ነኛ ያስገባኋቸው። ስምንት ዓመት ሙሉ የእናንተን ጠማማ በመቀስ ሳቀና ነው የኖርኩት።»

«ለምን አልነገሩንም፣ እማማ?»

የምታፍርበት ነገር ካለ ይህ ነበር። በየቀኑ ልክ እንደ ዋናው፣ ልክ እንደ ዋናው ሲሉ ትሰማለች። ብሎን ሲመርጡ፣ ቀለም ሲበጠብጡ፣ ሌላ ቃል የላቸውም።

«ዋናው ጠማማ ሆኖ የተፈጠረ መሰለኝ» አለች። «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ። ጠማማነቱን አክብራችሁ የቀዳችሁት መስሎኝ እኔም አከበርኩት።»

አስተማሪው ሳቁን በሳል ሊሸፍን ሞከረ፣ አልሆነለትም። ያን ጊዜ መዶሻ ብሎኑን አስቀመጠ። ሻጋታው የተወሰደው ከአንድ ዋና መኪና ላይ ነው፤ አንድ ሀብታም ለሦስት ቀን ያዋሳቸው፣ በሕይወታቸው የነኩት ብቸኛው ዋና። ያ መኪና፣ አለ መዶሻ፣ ከዚያ ከብዙ ዓመት በፊት ከግንብ ተጋጭቶ ቀኝ ጎኑ ተጨፍልቆ ነበር። መልሶ ያቀናው እሱ ነው፣ በጉልምስናው። ቀለም ሲቀባ ምንም አልታየም፤ ባለቤቱም አመስግኖ ሄደ። ሻጋታውን ሲወስዱ ትዝ ብሎታል፣ ግን አቃንቼዋለሁ ብሎ ስላመነ አላነሳውም።

«ሁለት ጣት ቀርቶብኝ ኖሯል» አለና ሰፊዋን አያት። «ዛሬ አጋለጥሽኝ።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ጀርባህን ስትሰጠኝ ነው ራስህን ያጋለጥከው።»

የሆነው ይኸው ነው። ሰባት ሰው ተሰብስቦ፣ ላቡን አፍስሶ፣ የአንድ ሰው ግጭት አምስት ጊዜ ቀድቷል። ሻጋታውን ማረም የወራት ሥራ ነው፤ ያለቁትን መኪኖች ማፍረስ ደግሞ የሚታሰብ አይደለም። ቅዳሜም ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶታል። መፍትሔው አንድ ነው፤ ቀኙን እንደ ድሮው አሳጥሮ መስፋት። ይህን ከሰፊዋ በቀር የሚያውቅበት የለም። ኢንጂነሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ በደንብ፣ ሰው ፊት፣ ይቅርታ ጠየቃት። የእህቷ ልጅ ያን ወጣት እንዳይመጣ ሊደውል ስልኩን አወጣ፤ እጁ ላይ ይዞት ቀረ እንጂ ቀና ብሎ አላያትም።

ሰፊዋ ሲባጎዎቹን አንድ በአንድ መልሳ ሰቀለች። አምስተኛውን ግን አልሰቀለችውም፤ ጣቷ ላይ ጠቀለለችው። ከዚያ ጣሪያውን ከጠረጴዛው አንስታ ኢንጂነሩ ክንድ ላይ ጣለችና ከሽርጧ ኪስ ትንሿን የስፌት መፍቻ አውጥታ አስጨበጠችው።

«ቀኝ ጎኑን የምትፈታው አንተ ነህ» አለችው። «ክር በክር፣ ሳትቸኩል። ሸራው ላይ አንዲት ቀዳዳ እንዳላይ። ይሄ ደግሞ» አለች ወደ እህቷ ልጅ ሳትዞር፣ «ያን ወጣት አትምጣ ብሎ ሲጨርስ አጠገብህ መሬት ላይ ይቀመጥና የወደቀውን ክር ይልቀም። ሁለታችሁም ስትጨርሱ ኑና ጥሩኝ፤ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ፣ በስልክ ሳይሆን።»